የወለተ ክርስቶስ ሲልቪያ ፓንክረስት አጭር የሕይወት ታሪክ

በላስታ ምድር ቤተ ክርስቲያን በሚታነጽበት ጊዜ ጥላ ዘርግቶ፥ ሥዕለ አድኅኖ ይዞ በየገበያው የሚለምነውን ሰው የማያውቅ የለም። የሚሰጥ ሰው አንድ ጊዜ ሰጥቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ስለ ሌላው የሚለምን ግን እንቢታውንም ፌዙንም ችሎ በማግሥቱ ተመልሶ ይቆማል። ሕንፃው በተፈጸመ ጊዜ አስቀድሞ የሚረሳው የእርሱ ስም ነው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስለ አገራችን ብዙ ዘመን የለመኑትን የአንዲት እንግሊዛዊት ሕይወት ልናስታውስ ወደድን።

ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክረስት በ1874 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። ከእናታቸው ከኤመሊን ፓንክረስት ጋር ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ታግለው ብዙ ጊዜ ታሰሩ፤ በወህኒ ቤትም ምግብ አንበላም ብለው መከራ ተቀበሉ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፥ ብዙዎች የኢትዮጵያ ነገር አበቃ ብለው ዝም ሲሉ፥ እርሳቸው ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቁመው ሃያ ዓመት ያህል አሳተሙ።

የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን ነርስነት ተምረው ነበር። አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት፥ ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው በአዲስ አበባ የመታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር ሲቋቋም፥ ወይዘሮ ሲልቪያ የክብር ጸሐፊው ሆነው ያለ ደመወዝ አገለገሉ። ዘመኑ እንግሊዝ ራሷ በጦርነት ተጎድታ ሕዝቧ ምግቡን በራሽን የሚቀበልበት ዘመን ነበር። እርሳቸው ግን ደብዳቤ ከመጻፍና ከመለመን አልቦዘኑም። ሆስፒታሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ተከፈተ፤ ብዙ በሽተኞችን አከመ፥ ነርሶችንም አስተማረ። ኋላም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

በአገራችን ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ንግሥት መስቀል ክብራ ቤተ አባ ሊባኖስን ለባለቤታቸው ለቅዱስ ላሊበላ መታሰቢያ እንዳነጹ ከአባቶቻችን ሲተላለፍ የመጣ ትውፊት አለ። ለሚወዱት ሰው መታሰቢያ ማቆም ከዘመዱ ይጠበቃል፤ ለባዕድ ልጅ መታሰቢያ የሚለምን ሰው ግን ጥቂት ነው።

ወይዘሮ ሲልቪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ፤ በዚያም ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል ዕለት፥ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። ወለተ ክርስቶስ ተብለው፥ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በታላቅ ክብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ፥ ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ በየአጥቢያችን ጥላ ዘርግተው የለመኑትን፥ በሕይወት ሳሉ በአደባባይ እናመስግናቸው፤ ስማቸውንም ከሰጪዎቹ ስም ጋር በመዝገብ እንጻፍ። የለመኑለትን ቤት ጣሪያው ሳያፈስ፥ ግድግዳው ሳይፈርስ ጠብቀን ለልጆቻችን ብናስረክብ፥ ምስጋናችን ፍጹም ይሆናል።