ዶ/ር ጌዮርጌ ማሪነስኩ፦ የሕመምተኞችን አረማመድ በፊልም ያስቀሩት የነርቭ ሐኪም

የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ከሆነ፣ ከወንበርዎ ተነሥተው እስከ በሩ ድረስ እንዲሄዱና እንዲመለሱ ሳይጠየቁ አልቀሩም። ሐኪሙ ይህን የሚያደርገው አረማመድዎ ብዙ ስለሚናገር ነው። እግርዎ ይጎተታል? ክንድዎ ይወዛወዛል? ሲዞሩ ሚዛንዎ ይስታል? ከ120 ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ በፊልም ካሜራ ለመመለስ የሞከሩ አንድ ሮማኒያዊ ሐኪም ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ካነበቡ በኋላ በእጅዎ ያለውን ስልክ ለሕክምና እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይረዳሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ጅማሬና ትምህርት

ጌዮርጌ ማሪነስኩ በ1863 በሮማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት ተወለዱ። ሕክምናን በዚያው ከተማ ተምረው፣ በታዋቂው የባክቴሪያ ተመራማሪ በቪክቶር ባበሽ ሥር በቤተ ሙከራ ሠሩ። በ1889 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ፓሪስ ሄደው ሳልፔትሪዬር በተባለው ሆስፒታል በዶ/ር ዣን ማርታን ሻርኮ ክፍል ገቡ። ሻርኮ በዘመኑ በነርቭ ሕክምና ላይ ወደር ያልነበራቸው መምህር ነበሩ። በሆስፒታሉ የፎቶግራፍ ክፍል ነበረ፤ አልበር ሎንድ የተባለ ባለሙያም ብዙ ሌንስ ባለው ካሜራ የሕመምተኞችን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ያነሣ ነበር። ወጣቱ ማሪነስኩ ዓይን ያላየውን ካሜራ ሊይዘው እንደሚችል የተማሩት እዚህ ነው።

በ1893 ከባልደረባቸው ከፖል ብሎክ ጋር ያቀረቡት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የፓርኪንሰን በሽታን የሚመስል የአንድ ጎን መንቀጥቀጥ የነበረበት ሕመምተኛ ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው ጥቁር ቀለም ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ የቲቢ እብጠት ተገኘ። የፓርኪንሰን በሽታ የሚጎዳው የአንጎል ክፍል የት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍንጭ ከሰጡት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

ካሜራው ወደ ሆስፒታል ገባ

የሉሚየር ወንድማማቾች ሲኒማቶግራፍ የተባለውን መሣሪያቸውን በፓሪስ ለሕዝብ ያሳዩት በታኅሣሥ 1895 መጨረሻ ነው። ማሪነስኩ በ1897 ወደ አገራቸው ተመልሰው በቡካሬስት የፓንተሊሞን ሆስፒታል የነርቭ ክፍልን መምራት ጀመሩ። በዓመቱ፣ በ1898፣ ኮንስታንቲን ፖፔስኩ ከተባለ ካሜራ ቀራጭ ጋር ሕመምተኞቻቸውን መቅረጽ ጀመሩ። እስከ 1901 ድረስ በቆየው በዚህ ሥራ የተገኙት ፊልሞች በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የነርቭ ሕክምና ፊልሞች መካከል ይቆጠራሉ።

የሚቀረጹት ሰዎች በጥቁር መጋረጃ ፊት ወዲያና ወዲህ ይራመዳሉ። የጡንቻው እንቅስቃሴ እንዲታይ ልብሳቸውን ያወለቁም አሉ። ማሪነስኩ ፊልሙን ዓይተው ብቻ አላለፉም። ምስሎቹን አንድ በአንድ ወደ ሥዕል እየገለበጡ፣ እግር መቼ ከመሬት እንደሚነሣ፣ ጉልበት መቼ እንደሚታጠፍ አጠኑ።

ምን ታየ?

በመጀመሪያው ፊልም የታዩት በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሰውነታቸው አንድ ጎን ሽባ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ክንዱን አጥፎ ወደ ደረቱ ይይዛል፤ የደረቀውን እግር ማጠፍ ስለማይችል ወደ ውጭ እያዞረ ይጥለዋል። ከስትሮክ የተረፈ ዘመድ ካለዎት ይህን አረማመድ ያውቁታል።

በ1900 የቀረጹት ደግሞ ቂጥኝ የአከርካሪ ነርቮችን ሲጎዳ የሚመጣውን የሚዛን ችግር የሚያሳይ ነበር። እነዚህ ሕመምተኞች ጉልበት አላቸው፤ ግን እግራቸው የት እንዳረፈ አይሰማቸውም። ስለዚህ እግራቸውን ከፍ አድርገው መሬቱን እየመቱ፣ ዓይናቸውንም ከእግራቸው ሳይነቅሉ ይሄዳሉ። ዓይናቸውን ቢጨፍኑ ይወድቃሉ።

በ1899 የተቀረጸው ሌላ ፊልም በዘመኑ ሂስቴሪያ በሚባል ሕመም አንድ ጎኗ ሽባ ሆኖ በሂፕኖሲስ ስለዳነ ሕመምተኛ ነው። ዛሬ ይህ ዓይነቱ ሕመም ፈንክሽናል የነርቭ ሥርዓት ችግር ይባላል። የአንጎል መዋቅር ሳይጎዳ አሠራሩ ሲታወክ የሚመጣ እውነተኛ ሕመም እንጂ ማስመሰል አይደለም። አረማመዱም ከስትሮክ ይለያል፤ እግሩ ወደ ውጭ ከመዞር ይልቅ ብዙ ጊዜ ከኋላ ይጎተታል። በፊዚዮቴራፒና በሥነ ልቦና ሕክምና የሚሻላቸው ሰዎች አሉ።

ከፊልሙ በኋላ

ማሪነስኩ በ1909 ስለ ነርቭ ሴል ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1938 በ75 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስም ማስተማርና መመራመር አላቆሙም። ኦጉስት ሉሚየር በ1924 በጻፉላቸው ደብዳቤ የፊልም ሥራቸውን አድንቀዋል። ፊልሞቹ ግን ለረጅም ጊዜ ተረስተው ቆይተው በ1970ዎቹ ተገኙ።

ዛሬ ፊልሞቹን ሲያዩ አንድ ነገር ልብ ይላሉ። ከካሜራው ኋላ የነበሩት ሐኪም ስማቸው በመጽሐፍ ሰፍሯል፤ አካላቸውን ያሳዩት ሕመምተኞች ግን የሚታወቁት በሕመማቸው ነው። ሕመምተኛ ከመቀረጹ በፊት የጽሑፍ ፈቃዱን መስጠት አለበት የሚለው አሠራር በዚያ ዘመን አልነበረም። ዛሬ ግን መብትዎ ነው። ሐኪም ሊቀርጽዎ ሲፈልግ ለምን እንደሆነና ማን እንደሚያየው መጠየቅ፣ ካልፈለጉም እምቢ ማለት ይችላሉ። ሕክምናዎ በዚህ ምክንያት ሊጓደል አይገባም።

እርስዎ ሲቀርጹ

ብዙ የነርቭ ሕመሞች ሐኪም ፊት አይታዩም። መንፈራገጡ ቤት መጥቶ ያልፋል፤ መንቀጥቀጡ በቀጠሮው ቀን ይጠፋል። በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

• አረማመድ ሲቀርጹ ሰውየው ከራስ እስከ እግር ይታይ። ወደ እርስዎ ሲመጣ፣ ሲዞርና ሲመለስ ይቅረጹ።

• የሚጥል ሕመም ሲነሣ መጀመሪያ ደኅንነቱን ይጠብቁ። የሚጎዱ ነገሮችን ያርቁ፣ በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይያዙ። አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ክብሪት ጭረውም አያሽትቱት። ሌላ ሰው ካለ ፊቱና እጅ እግሩ እንዲታይ አድርጎ እስኪነቃ ድረስ ይቅረጽ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

• ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ለመቅረጽ ብለው አይዘግዩ። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

• ሕመምተኛው ራሱን ሲያውቅ ቪዲዮውን ያሳዩትና ፈቃዱን ይጠይቁ። ለሐኪሙ ብቻ ያሳዩ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ አይልቀቁ። አጥፋልኝ ካለም ያጥፉለት።