ትንፋሽን ያደመጡት ሐኪም

ሳል ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሐኪሙ ማድመጫውን ጀርባችሁ ላይ አድርጎ በረጅሙ እንድትተነፍሱ ያዛችኋል። ይህን መሣሪያ ያስገኙት ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ ናቸው።

ላኔክ እ.አ.አ በ1781 በብሪታኒ ግዛት ተወለዱ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ሐኪም በነበሩት አጎታቸው ቤት አደጉ፤ ሕክምናንም በፓሪስ ተማሩ። በ1816 በኔከር ሆስፒታል ሲሠሩ የልብ ሕመም ምልክት ያላት አንዲት ወጣት መጣች። በዚያን ጊዜ ሐኪም ደረት የሚያዳምጠው ጆሮውን ለጥፎ ነበር። ላኔክ ይህን ማድረግ ነውር ስለሆነባቸው ወረቀት ጠቅልለው አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ድምፁ ጎልቶ ተሰማቸው። ኋላም ከእንጨት የተቦረቦረ ማድመጫ ሠሩ።

ከዚያ በኋላ የሕሙማንን ትንፋሽ እያዳመጡ፣ ሲሞቱም ሳንባቸውን እየመረመሩ የትኛው ድምፅ የየትኛው ጉዳት እንደሆነ ለዩ። በ1819 ባሳተሙት መጽሐፍ በቲቢ የተቦረቦረ ሳንባ የሚያሰማውን ድምፅ ገለጹ።

ሕመሙ ግን እሳቸውንም አልማረም። በ1826 ከስተውና በትኩሳት ተዳክመው ሳለ ሐኪም የሆነ ዘመዳቸው በዚያው ማድመጫ ደረታቸውን አዳመጠ። የሰማው ድምፅ እሳቸው ራሳቸው ለሌሎች ያስተማሩት የቲቢ ድምፅ ነበር። በዚያው ዓመት በ45 ዓመታቸው አረፉ። ሕመሙን ማወቅ ተችሎ ነበር፤ መድኃኒት ግን አልነበረም። የቲቢ ባክቴሪያ የታወቀው በ1882 በሮበርት ኮክ ሲሆን፣ መድኃኒት የተገኘው ደግሞ በ1940ዎቹ ነው።

ዛሬ ተመራማሪዎች ከማድመጥ አልፈው፣ ሰው የሚያስወጣውን አየር በመሣሪያ በመመርመር ቲቢን ለመለየት እየሞከሩ ነው። ዘዴው አክታ ማውጣት ለሚያቅታቸው ሕፃናት ተስፋ ይሰጣል። ይሁንና ገና በምርምር ላይ ስለሆነ በየጤና ተቋሙ አይገኝም። ማድመጫም ብቻውን ቲቢን አያረጋግጥም። ዋናው ማረጋገጫ የአክታ ምርመራ፣ በተለይም ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ነው።

በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በጨፋ ሮቢት ሳሉን የብርድ ወይም የአቧራ ነው ብለው በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ሲታገሉ ወራት የሚያሳልፉ አሉ። እስከዚያው ሳንባቸው ይጎዳል፤ በሽታውም ለቤተሰብ ይተላለፋል። ስለዚህ፦

ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታየ የገበያው ቀን ይለፍ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራና ሕክምና በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ይወሰዳል። ሻል ሲላችሁ አታቋርጡት፤ ማቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

በቤት ውስጥ ሕመሙ የተገኘበት ሰው ካለ አብረውት የሚኖሩ ሁሉ፣ በተለይ ሕፃናት ይመርመሩ። መስኮትና በር ከፍታችሁ አየር አስገቡ፤ ስትስሉም አፋችሁን ሸፍኑ።

ላኔክ ያጡት መድኃኒት ዛሬ በአቅራቢያችን አለ። የሚያስፈልገው በጊዜ መድረስ ነው።