አቡነ ኤዎስጣቴዎስ፦ ስለ ሰንበት የተገፉ አባት

በዐቢይ ጾም ቅዳሜ ጠዋት ለማስቀደስ ስትነሣ፣ ስለዚህች ቀን የተገፉትን አባት ታስታውሳቸዋለህ? አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ1273 (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ገደማ በትግራይ ተወለዱ። በገርዓልታ በአጎታቸው በአባ ዳንኤል እጅ መነኰሱ፤ ኋላም በሰራዬ ደቀ መዛሙርት ሰበሰቡ። ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ቢያስተምሩ ግን ካህናት ተነሡባቸው። በ1337 ገደማ አገር ጥለው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አድርገው አርመን ገቡ፤ እዚያው በ1352 ዐረፉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የልጆቻቸው ነገር ነው። ክህነት ተከለከሉ፣ ከአብያተ ክርስቲያናት ተባረሩ፣ ወደ ዳር አገር ሸሹ። እስቲ አስበው፤ ካህን የሌለው ገዳም ቅዳሴ የለውም፣ ቁርባንም የለውም። እውነቱን ለመናገር እነሱም ከግብፃዊው ጳጳስ ክህነት አንቀበልም ብለው ነበርና ኩርፊያው የሁለት ወገን ነበር። ዐፄ ዳዊት በ1404 ቅዳሜን እንዲያከብሩ ቢፈቅዱላቸውም ዕርቁ አልተሟላም። የተሟላው በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ በሰበታ በኩል ያለውን የመናገሻን ጽድ አስተከሉ የሚባሉት ንጉሥ ማለት ነው። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የቅዳሜን ክብር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከእነሱ እጅ ክህነት ተቀበሉ።