አምብሮስዮስና የጥምቀት ነገር

ያለ ጥምቀት መዳን ይቻል እንደ ሆነ የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ስለ ሞተባቸው ሰው ልባቸው ተጨንቆ ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹ ግን ትእዛዙን ለማቅለል ይጠይቃሉ። የሚላኖ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው የአምብሮስዮስ ሕይወት ለሁለቱም ወገን ትምህርት አለው።

አምብሮስዮስ ከከበሩ የሮም ሰዎች ወገን ተወልዶ፥ በሰሜን ጣልያን ያለ አውራጃ ገዥ ሆኖ በሚላኖ ከተማ ይቀመጥ ነበር። ቤተ ሰቡ ክርስቲያን ሲሆን እርሱ 30 ዓመት ካለፈውም በኋላ ገና አልተጠመቀም ነበር። በዚያ ዘመን ከጥምቀት በኋላ የሚሠራውን ኀጢአት እጅግ ስለሚፈሩ ብዙዎች ጥምቀትን ያዘገዩ ነበር፤ ታላቁ ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ እንኳ የተጠመቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ337 ዓመት ሊሞት ሲል ነው።

በ374 ዓመት የሚላኖ ኤጲስ ቆጶስ በሞተ ጊዜ ሕዝቡ በሃይማኖት ተከፋፍሎ ነበርና፥ ጠብ እንዳይነሣ አምብሮስዮስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያረጋጋቸው ጀመር። ሕዝቡም እርሱ ራሱ ኤጲስ ቆጶስ እንዲሆንላቸው በአንድነት ጮኹ። ሊያመልጥ ሞከረ፥ አልሆነለትም። ስለዚህ ተጠመቀ፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ተሾመ፤ ወርቁንና ብሩንም ለድኾች ሰጠ። ከዚያም ወዲህ ንኡሰ ክርስቲያንን በትጋት ያስተምር፥ ጥምቀትንም እንዳያዘገዩ ይመክር ነበር። በ387 ዓመት በፋሲካ ሌሊት አውግስጢኖስን ያጠመቀ እርሱ ነው።

በ392 ዓመት ግን ብርቱ ኀዘን መጣበት። ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ሁለተኛው ዋሌንቲኒያኖስ፥ ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር ሳለ፥ መጥቶ እንዲያጠምቀው ወደ አምብሮስዮስ ላከበት። ኤጲስ ቆጶሱም መንገድ ከጀመረ በኋላ ንጉሡ በቪየን ከተማ ሞቶ እንደ ተገኘ ሰማ። ሬሳው ወደ ሚላኖ በመጣ ጊዜ እኅቶቹ ያለቀሱት ስለ ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠመቅ በመሞቱ ነፍሱ እንዳትጠፋ ፈርተው ነበር።

አምብሮስዮስም በቀብሩ ቀን በሕዝብ ፊት አጽናናቸው። ወንድማቸው ጥምቀትን ፈልጎ እንደ ለመነ፥ እግዚአብሔርም የተለመነውን ጸጋ እንደማይነሣ፥ ውሃ ሳያገኙ የሞቱ ሰማዕታት በደማቸው እንደ ነጹ እርሱንም እምነቱና ምኞቱ እንዳነጻው አስተማረ።

አንባቢ ሆይ፥ አስተውል። ይህን ያስተማረው ጥምቀትን የናቀ ሰው አይደለም፤ በዘመኑ ሁሉ ሰዎችን ወደ ጥምቀት ሲጠራ የኖረ ነው። ጌታ ጥምቀትን ለእኛ አዘዘ እንጂ ምሕረቱን በውሃ አላሰረም። እንግዲህ ወንድምህ ወይም ልጅህ ጥምቀትን ሲናፍቅ ሞት ቀድሞት እንደ ሆነ፥ ተስፋ አትቍረጥ፤ ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ስጠው። አንተ ግን ውሃው በደጅህ ሳለ ነገ ነገ የምትል ብትሆን፥ በዚያ ንጉሥ አታመካኝ፤ እርሱ ፈልጎ አጣ፥ አንተ ግን አግኝተህ ትተሃል።

አምብሮስዮስ በ397 ዓመት በፋሲካ ዋዜማ ዐረፈ። በዚያች ሌሊትም በሚላኖ እንደ ልማዱ ብዙዎች ተጠመቁ።