ከንቲባ ገብሩ ደስታ፡ ሴት ልጆቻቸውን ባሕር አሻግረው ያስተማሩት አባት

እአአ በ1920ዎቹ መገባደጃ አዲስ አበባ ውስጥ ለሴት ልጆች የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው በ1931 ነው። የመኳንንት ሴት ልጅ ብትታደል ፊደል ቆጥራ ዳዊት ትደግማለች፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ትዳር ነው።

በዚህ ጊዜ ነበር ዕድሜያቸው ሰባን የዘለለው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆቻቸውን ስንዱንና የውብዳርን ስዊዘርላንድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት የላኩት። የውብዳር ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ባሕር ተሻግሮ የተማረ ሁሉ ሃይማኖቱን ለውጦ ይመለሳል የሚለው ሥጋት በቤተ ክህነትም በቤተ መንግሥትም ሥር የሰደደ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ በ1908 ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ይህን ተቃውሞ ለማብረድ መምህራኑን ከግብፅ ኮፕቶች ማስመጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ያውም ለወንዶች! ለሴት ልጅ ሲሆን ነቀፋው በእጥፍ ይከብዳል።

ከንቲባ ገብሩ ግን የባዕድ ትምህርትን ከወሬ አይደለም የሚያውቁት። በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተወለዱት ገብሩ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከነበሩት ሚሲዮናውያን ጋር ተገናኝተው ገና በልጅነታቸው ኢየሩሳሌም ተማሩ። ቀጥሎም ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በሚገኘው ቅዱስ ክሪሾና ገቡ። ልጆቻቸውን የላኩት እንግዲህ ራሳቸው ወደ ተማሩበት አገር ነው። የሚሲዮን ተማሪ መሆን በአገር ቤት በጥርጣሬ እንደሚያሳይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በዚያው ትምህርት ግን የጎንደር ከንቲባ ሆነዋል፤ በ1919ም ወደ አሜሪካ በተጓዘው የኢትዮጵያ ልዑክ ውስጥ ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ተካተዋል።

ልጆቹ የጣሊያን ወረራ ከመጀመሩ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስንዱ ለአርበኞች አገለገለች፤ ተማርካም ወደ ጣሊያን ተጋዘች። በ1937 የውብዳርና ቤተሰቧ በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ሦስት የቤተሰቡ አባላት በፋሺስቶች ተገደሉ። ያንን ሁሉ ሐዘን አዛውንቱ ከንቲባ በሕይወት ሆነው ተሸክመውታል።

ከነጻነት በኋላ ስንዱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ‹የልቤ መጽሐፍ› የተሰኘውንም ሥራ አሳትመዋል። የውብዳር በስዊዘርላንድ የጀመሩትን ሙዚቃ ካይሮ ሄደው ገፉበት። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል ቢያገኙም ፈቃድ ተከለከሉ። በሩን የዘጋው እንግዲህ አባት አልነበረም። ወጣቷ በሐዘን ከምግብ ራቁ፤ ከዚያም ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ተጓዙ። ፈረንጅ አገር ያደገች ሴት ሃይማኖቷን ትተዋለች ተብሎ ሲፈራ፣ ከከንቲባው ልጆች አንዷ ከብዙዎቹ ነቃፊዎች ልጆች ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ቀርባ መገኘቷ የሚገርም ነው።

ከንቲባ ገብሩ በ1950 አረፉ። ስንዱ በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሲሆኑ ለማየት አልታደሉም። እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት የውብዳርም በፒያኖ ሥራቸው በዓለም የታወቁት ከእሳቸው ሞት በኋላ ነው። እማሆይ በ2023፣ በ99 ዓመታቸው ያረፉት አባታቸው በልጅነታቸው በተማሩባት በኢየሩሳሌም ነበር።