ተማሪ የተነፈገው መምህር

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1955 በምዕራባውያኑ አቆጣጠር የፋሲካ ዕለት ነበር። የዚያን ዕለት ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ73 ዓመት ፈረንሳዊ ካህን በወዳጆቹ ቤት ለሻይ እንደተቀመጠ በድንገት ወድቆ ሞተ። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሟቹ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በዘመኑ ከታወቁት የፓሌኦንቶሎጂ ሊቃውንት አንዱ ነው። ስለ ሰው ልጅ አመጣጥና መድረሻ የጻፋቸው ዋና ዋና መጻሕፍት ግን በሕይወት ሳለ አንዳቸውም አልታተሙም። ስሙ ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ይባላል።

ስለዚህ ሰው ከደሴ ሆኖ ለመጻፍ ምን አነሳሳህ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው ሥራዬ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ የምድርንና የቅሪተ አካላትን ታሪክ አስተምራለሁ። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢያዞር፣ ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ የሚወስደውን አስፋልት ያገኛል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ የአፋር ቆላ ውስጥ የሚገባ መንገድ ነው። ደጋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት የተሠራ ነው። ታች ያለው ደግሞ ወንዝና ሐይቅ ያስቀመጡት አፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሰው ልጅ ጥንታዊነት የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአውቶቡስ የሚደረስበት ነገር ነው።

ክፍል ውስጥ ታዲያ በወሎ ወግ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይማራል። ትምህርቱ የሰው ዘር ላይ ሲደርስ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አንዳንዱ እጁን አውጥቶ፣ አብዛኛው ግን ከክፍል ውጭ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ ከአዳም ታሪክ ጋር እንዴት ይታረቃል ነው ጥያቄው። የቴያር ሕይወት ከዚህ ጥያቄ ጋር የተጋጨ ሕይወት ነውና ልተርከው።

ቴያር የተወለደው እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1881 በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ ኦቨርኝ በተባለው አውራጃ ነው። ኦቨርኝ እንደኛው ደጋ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። አባቱ ድንጋይ፣ ነፍሳትና ዕፅዋት መሰብሰብ የሚወዱ ባላባት፣ እናቱ ደግሞ አጥባቂ ካቶሊክ ነበሩ። ሕፃኑ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቁራጭ ብረት ነበር። የማይጠፋ ነገር መስሎት ደብቆ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ብረቱ ዝጎ ቢያገኘው አምርሮ አለቀሰ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከብረት የበለጠ የሚጸና ነገር ፍለጋ ወደ ድንጋይ ዞረ።

በ1899 የኢየሱሳውያንን ማኅበር ተቀላቀለ። ይህንን ማኅበር እኛም በሁለት መልኩ እናውቀዋለን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ሰበብ ከፈሰሰው ደም ጋር ስሙ ይነሳል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁትና የመሩት የዚሁ ማኅበር አባል የነበሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው።

ማኅበሩ ወጣቱን ቴያር ከ1905 እስከ 1908 ካይሮ ልኮ በአንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስተማሪ አደረገው። በዕረፍቱ ወደ ፋዩም በረሃ እየወጣ ቅሪተ አካል ይለቅም ነበር። ፋዩም ለኛም ባዕድ አይደለም። ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ላይ የተገኙት የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የጥንት ዝሆን መሰል እንስሳት ቅሪቶች የቅርብ ዘመዶቻቸው ያሉት ፋዩም ውስጥ ነው። ቴያር በግብፅ አሸዋ ላይ ያነሳው ታሪክ ቀጣይ ምዕራፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ተነበበ ማለት ነው።

በ1911 እንግሊዝ አገር ቅስና ተቀበለ። እዚያው ሳለ ነው ስሙን ዕድሜ ልኩን የተከተለው ጉዳይ ውስጥ የገባው። ቻርልስ ዳውሰን የተባለ የሕግ ባለሙያ ፒልትዳውን በተባለ ስፍራ የጥንት ሰው ራስ ቅል አገኘሁ ብሎ ነበር። ቴያር በ1913 በቁፋሮው ላይ ሲረዳ አንድ የክራንቻ ጥርስ አገኘ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ነገሩ በሙሉ ማጭበርበር መሆኑ ታወቀ። የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ተሞርዶና ቀለም ተቀብቶ የተቀበረ ነበር። አንዳንዶች ቴያርንም ጠርጥረውታል። በ2016 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ግን ጣቱን የቀሰረው በዳውሰን ላይ ብቻ ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም። ሳይንስ አይሳሳትም ለማለት አይደለም። ስህተቱን ያጋለጡት ራሳቸው የሙያው ሰዎች፣ ያንኑ አጥንት እንደገና በመመርመር መሆኑን እንዲያዩ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ቴያር ከሞሮኮ ወታደሮች ጋር በአንድ ክፍለ ጦር ተመድቦ ቁስለኛ በቃሬዛ ሲያመላልስ ቆየ። ሁለት ወንድሞቹ በጦርነቱ ሞቱ። እርሱ ሁለት ታላላቅ ሜዳሊያዎች ተሸልሞ በሕይወት ተመለሰ። ጦርነት ባለፈበት ከተማ ለሚያስተምር ሰው ይህ የሕይወቱ ክፍል ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ፣ የትምህርት ተቋማት ተዘርፈው ነበር። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ተመልሶ ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቴያርም ተመልሶ ቆመ። ከ1920 ጀምሮ በፓሪስ ካቶሊክ ኢንስቲትዩት ጂኦሎጂ ያስተምር ጀመር። በ1922 ስለ ጥንታዊ የፈረንሳይ አጥቢ እንስሳት ባቀረበው ጥናት ከሶርቦን የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ተማሪዎች ይወዱት ነበር፤ ንግግሩን ለመስማት አዳራሽ ይሞላል። አርባ ዓመቱን ገና ያለፈ፣ ፊቱ ብሩህ የሆነ መምህር ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ጥቂት ገጽ ወረቀት ነው። አንድ የሥነ መለኮት ባልደረባው ስለ ጥንተ አብሶ ያለውን ሐሳብ እንዲጽፍለት ጠየቀው። ቴያር የቅሪተ አካል ማስረጃው አንድ አዳምና አንዲት ገነት በተወሰነ ቦታና ጊዜ ነበሩ ከሚለው ንባብ ጋር እንደማይገጥም፣ ትምህርቱን በሌላ መንገድ መረዳት እንደሚያስፈልግ ጻፈ። ለሕትመት የታሰበ አልነበረም። ቅጂው ግን እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ሮም ገባ። በ1924 አለቆቹ ጠርተው ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ ላይ እንዳይናገር ጠየቁት። በ1925 የቀረበለትን ጽሑፍ ፈረመ። ማኅበሩን ትተህ ውጣ የሚሉት ወዳጆች ነበሩት፤ አልወጣም። ቢወጣ ሐሳቡንም እምነቱንም የሚያጎድፍ መሰለው። የማስተማር ሥራው ግን አበቃ። በ1926 ቀድሞ ለምርምር ወደሚያውቃት ቻይና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መደበኛ የመምህርነት ወንበር አላገኘም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዚህ የስደት ዘመኑ ነው። በ1928 መጨረሻ፣ ተፈሪ መኮንን የንጉሥነት ዘውድ በጫኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ወደ ቻይና ሲመለስ ጉዞውን ጅቡቲ ላይ አቋርጦ ሁለት ወር ያህል በአካባቢው ቆየ። አስተናጋጁ በመርከብ ላይ የተዋወቀው አንሪ ደ ሞንፍሬ ነበር። ይህ ሰው ደራሲ፣ የባሕር ሰው፣ ጦር መሣሪያና ሐሺሽ በማሻገር የታወቀ፣ ድሬዳዋ ላይም ንግድ የነበረው ነው። መነኩሴውና ኮንትሮባንዲስቱ ተስማምተው ኦቦክን፣ ድሬዳዋንና የሐረርን አካባቢ አዩ። ቴያር የዓለቱን ንብርብር መዘገበ፤ ማስታወሻውም በ1930 ፓሪስ ታተመ። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለውን፣ በፈረንሳይኛ የጃርት ዋሻ የሚል ስም የወጣለትን ስፍራ ተመለከተ። በ1933 በዚያ ዋሻ በተደረገ ቁፋሮ ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የጥንት ሰው የመንጋጋ ስባሪ ተገኘ። ዋሻው እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ጥናት ውስጥ ስሙ የሚነሳ ነው። ወደ ሐዳር ግን ዓይኑን ያቀና ማንም አልነበረም። ያንን ሸለቆ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አፋርን ያሰሰው ሌላው ፈረንሳዊ፣ ሞሪስ ታይብ ነው።

ቻይና ውስጥ ቴያር በሙያው ገነነ። ከቤጂንግ አጠገብ ዡኩድያን በተባለው ዋሻ የሚካሄደውን ቁፋሮ የጂኦሎጂ ሥራ ከሚያማክሩት አንዱ ሆነ። በዲሴምበር 1929 ቻይናዊው ፔይ ዌንዦንግ የፔኪንግ ሰው ተብሎ የታወቀውን ራስ ቅል እዚያ አወጣ። ቴያር ስለ አጥቢ እንስሳትና ስለ ዓለት ንብርብር የጻፋቸውን የምርምር ጽሑፎች ማሳተም አልተከለከለም። የተከለከለው የዚህን ሁሉ ትርጉም ለሰው መናገር ነው። እርሱ ግን ይጽፍ ነበር። ዋናውን መጽሐፉን በ1940 ቤጂንግ ላይ ጨረሰ፤ ሮም እንዲታተም አልፈቀደችም። በ1948 ለኮሌዥ ደ ፍራንስ ወንበር ታጨ፤ ይህንንም እንዳይቀበል ተነገረው። በ1951 ወደ ኒውዮርክ ተዛወረ። በዚያው ዓመትና በ1953 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የጥንት ሰው መሰል ቅሪቶች የተገኙባቸውን ስፍራዎች አየ፤ የሰው ልጅ መነሻ አፍሪካ ውስጥ መፈለግ እንዳለበት አምኖ ተመለሰ። ሐዳር ይህን እምነቱን ያጸናችው እርሱ በሞተ በ19 ዓመቱ ነው።

ሲሞት የእጅ ጽሑፎቹን ለአንዲት ወዳጁ ትቶ ስለነበር የማኅበሩ እገዳ አላገኛቸውም። ዋናው መጽሐፍ በ1955 ታተመ፤ በብዙ ቋንቋም ተተረጎመ። በ1962 ሮም ስለ ጽሑፎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣች። በ2015 ደግሞ ጳጳስ ፍራንሲስ ስለ ምድር ጥበቃ ባወጡት መልእክት የግርጌ ማስታወሻ ላይ ስሙ በበጎ ተነሳ። ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ፣ በግፍ የተባረረው በመጨረሻ አሸነፈ ብለው ይዘጉታል። እኔ ግን በመምህር ዓይን ሳየው ሌላ ኪሳራ ይታየኛል።

መጽሐፎቹን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቴያር ስለ ዓለትና ስለ አጥንት ሲጽፍ ጥንቁቅ ነው። ፍጥረት ሁሉ ወደ አንድ የመጨረሻ ነጥብ ይጓዛል ወደሚለው ሐሳቡ ሲሻገር ግን ቃላቱ ይጨማለቃሉ፤ ማስረጃና ተስፋ ይቀላቀላሉ። በ1961 እንግሊዛዊው ባዮሎጂስት ፒተር ሜዳዋር መጽሐፉን ክፉኛ ተቸ። ትችቱ ጭካኔ ቢኖረውም መሠረት ነበረው። ችግሩ ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ ጸሐፊው ሞቷል። ለሠላሳ ዓመት ጽሑፎቹ በታይፕ እየተባዙ በምስጢር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ያነበቧቸው ወዳጆቹና አድናቂዎቹ ናቸው። አድናቂ ደግሞ አያርምም። መምህርን የሚያርመው በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ አልገባኝም የሚል ተማሪ ነው። ያልተገባ ድልድይ ስሠራ የሚይዙኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ቴያርን ይህ ነው የተነፈገው። ከልካዮቹ ተማሪውን ከመምህሩ የጠበቁ መሰላቸው፤ በተግባር መምህሩንም ከተማሪው ነጠሉት፤ ሐሳቡም ሳይፈተን አደገ።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአርባ በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲባረሩ ሰበቡ ሃይማኖት አልነበረም። የጠፋው ግን ተመሳሳይ ነው። ደሞዙን ያጣው መምህር ሌላ እንጀራ ያገኝ ይሆናል፤ ያንን ክፍል ያጡ ተማሪዎች ግን ያልጠየቁት ጥያቄ ይዘው ይመረቃሉ።

ስለዚህ በየዓመቱ ለሚመጣብኝ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አጭር አይደለም። ንብርብሩን እንዴት እንደምንቆጥር፣ የእሳተ ገሞራውን አመድ ዕድሜ እንዴት እንደምንለካ፣ ድንቅነሽ ለምን 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደተባለች አሳያለሁ። በዚህ ላይ የሚከራከር በማስረጃ ይከራከረኝ እላለሁ። የእምነቱን ነገር ከቄሱና ከሼሁ ጋር ይነጋገርበት፤ እኔ በዚያ ላይ ሥልጣን የለኝም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከክፍል ውጭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝን፣ በሚቀጥለው ቀን ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰማ ደግሞ እንዲጠይቀኝ።