ስሙን ደብቆ የኖረው ቢራ ጠማቂ

ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ተከታታዮቻችን ስቱደንት ቲ-ቴስት የሚባለውን ነገር ሳታውቁት አትቀሩም። የመመረቂያ ጽሑፍ ስትሠሩ ኤስፒኤስኤስ ከፍታችሁ ነካ ነካ አድርጋችሁ ያለፋችሁት ማለት ነው። ስሙ ለተማሪ የተዘጋጀ ፈተና ያስመስለዋል። አይደለም። ስቱደንት የአንድ ሰው የብዕር ስም ነው። ሰውዬው ደግሞ ፕሮፌሰር ሳይሆን የጊነስ ቢራ ጠማቂ ነበር።

ዊልያም ሲሊ ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1876 እንግሊዝ ውስጥ ካንተርበሪ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው)። እንደ አባቱ የጦር መሐንዲስ መሆን ይፈልግ ነበር፤ ዓይኑ ደካማ ስለነበር አልሆነለትም። ኦክስፎርድ ገብቶ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ። በ1899 ደብሊን ሄዶ ጊነስ ተቀጠረ።

እዚያ የገጠመው ችግር ቀላል ይመስላል። የትኛው ገብስ ይሻላል? ይሄኛው ብቅል የሚፈለገውን ያህል ይሰጣል? ግን ገብስ በዓመት አንዴ ነው የሚታጨደው፣ ሙከራውም ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ እጁ ላይ የሚገባው አራት አምስት ልኬት ብቻ ነው። የዘመኑ ስታቲስቲክስ ደግሞ የተሠራው መቶና ሺህ ናሙና ላላቸው ሰዎች ነበር።

ነገሩ እንዲገባን እኛ አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ነጋዴው የከረጢቶቼ አማካይ ክብደት 50 ኪሎ ነው ይላል። አራቱን መዘናችሁ፤ 49፣ 50፣ 48 እና 49 መጣ። አማካዩ 49 ነው። ነጋዴው እያጭበረበረ ነው ወይስ አጋጣሚ ነው? መጀመሪያ ልክ ነው ብለን እንነሳና የጎደለውን 1 ኪሎ አማካዩ በአጋጣሚ ብቻ ሊዋዥቅ ከሚችልበት መጠን ጋር እናነጻጽራለን። ይህ መጠን እዚህ 0.41 ኪሎ ገደማ ነው። 1ን ለዚያ ስናካፍል 2.45 ይመጣል። በድሮው መንገድ ከ1.96 ካለፈ ነጋዴው ተፈርዶበታል። ጎሴት ግን ቆይ አለ። የመዋዠቁን መጠን ራሱን ያገኘነው ከነዚያው አራት ከረጢቶች ስለሆነ እሱም ሊሳሳት ይችላል። ለአራት ናሙና ድንበሩ 3.18 ነው። ስለዚህ ገና አልተፈረደበትም! ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ማስረጃው አልበቃም እንጂ።

ጎሴት ይሄን የደረሰበት በ1906 ፋብሪካው ለንደን ካርል ፒርሰን ዘንድ ከላከው በኋላ ነው። ቀመሩን ከፊሉን በግምት ነው ያገኘው። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የ3,000 እስረኞችን የቁመትና የግራ እጅ መካከለኛ ጣት ልኬት በካርድ ላይ ጽፎ፣ ካርዶቹን በውዞ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና አወጣ። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ በእጅ!

ጥናቱ በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ወጣ። ጊነስ ግን የሙያ ምስጢሩ ለተፎካካሪ እንዳይወጣ ስለሚፈራ ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር። ስቱደንት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ለዓመታት ብዙም ሰሚ አላገኘም። ፒርሰን ራሱ ትንሽ ናሙና የጠማቂዎች ጉዳይ ነው ባይ ነበር። ነገሩን በሒሳብ ያረጋገጠው ወጣቱ ሮናልድ ፊሸር ነው፤ ማረጋገጫውን ሲልክለት ጎሴት ሒሳቡ ከበደውና ለፒርሰን አስተላለፈው። በኋላ ሠንጠረዡን ለፊሸር ሲልክለት፣ ምናልባት የሚጠቀምበት ሰው አንተ ብቻ ነህ ብሎ ጽፎለት ነበር። ፊሸር ግን በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ለመላው ተመራማሪ አዳረሰው።

ሁለቱ በሁሉም ነገር አይስማሙም ነበር። ለጎሴት ልዩነት አለ የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ልዩነቱ ስንት ነው፣ ለፋብሪካውስ ምን ያህል ያተርፍለታል ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ እዚህ ላይ ከጎሴት ጋር ነን፤ የዛሬ ስንት ጥናት ቁጥሩ ድንበሩን ስላለፈ ብቻ ሥራው አለቀ ይላል።

ጎሴት ፕሮፌሰር አልሆነም፣ ከጊነስም አልለቀቀም። በ1935 ፓርክ ሮያል የሚገኘውን አዲሱን ፋብሪካ ለመምራት ወደ ለንደን ተዛወረ። በጥቅምት 1937 በ61 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ፤ እስከዚያ ድረስ ጥናቶቹ ላይ ይፈርም የነበረው ስቱደንት ብሎ ነው።